ከፋብሪካ ስለሚለቁ ሠራተኞች ላጠና ነው፤ መጠይቅ፣ ቃለ መጠይቅ ወይስ ምልከታ? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ብቅ በሉ)

ቦርከና ዳር | ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ጀመዓው። ኮምቦልቻ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚቀጠሩ ልጆች ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚለቁ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ እዚህ ከተማ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አከራዩ ይጠይቃል፣ ባለ ሱቁ ይጠይቃል፣ ፋብሪካውም ራሱ ይጠይቃል።

ፕሮፖዛሌ ተመለሰልኝ። የመረጃ አሰባሰብ የሚለው ክፍል ጎን አማካሪዬ «ለምን ይኼን መረጥሽ?» ብሎ ጽፎበታል፤ ሌላ ቃል የለም። ያሰፈርኩት ሁላችሁም የምታውቁትን ሠንጠረዥ ነው፦ መጠይቅ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል፣ ጥልቀት ግን የለውም፤ ቃለ መጠይቅ ጥልቀት አለው፣ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፤ ምልከታ የሚደረገውን ያሳያል፣ የሚታሰበውን አያሳይም።

ዕቅዴ ይኼ ነው። ሁለት ፋብሪካ፣ በድምሩ 1,500 ገደማ ሠራተኛ። በያማኔ ቀመር (የናሙና ብዛት ማስሊያው) 316 ሰው ወጣልኝ። መጠይቁን በሰው ሀብት ክፍል በኩል አስበትናለሁ፤ ከዚያ አምስት ስድስት ኃላፊ አነጋግራለሁ። ይበቃል? የቡድን ውይይት ልጨምርበት? በስልክስ ይሆናል? ገንዘቡ ከራሴ ኪስ ስለሆነ እሱንም አስቡልኝ።

ቁጥር ይናገር | ማክሰኞ ማታ 3:05

ይበቃል። 316 ላይ ለማይመልሱ 10 በመቶ ጨምሪና 348 በይው። መጠይቁን በሌላ ፋብሪካ ከናሙናሽ 5 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ሞክሪው፣ ክሮንባክ አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር) 0.7 ካለፈ ወደ ሥራ ግቢ። «የመልቀቅ ፍላጎት» የሚለካባቸው የተፈተኑ ጥያቄዎች አሉ፤ ከእነሱ ውሰጂ እንጂ አዲስ አትፍጠሪ። ቃለ መጠይቅ ውስጥ ከገባሽ ቅጂውን ስትገለብጪ ክረምቱ ይገባብሻል። አንድ ሰዓት ንግግር ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ያውም መብራት ካለ።

አማካሪሽ የፈለገው ምክንያት ነው። ምክንያቱን ጻፊለት፣ ያልፋል።

ታብሌት ተሸካሚ | ማክሰኞ ማታ 3:11

ቆይ ቆይ። ስለሚለቁ ሰዎች ልታጠኚ ነው፤ የምትጠይቂው ግን ያልለቀቁትን ነው?

ቦርከና ዳር | ማክሰኞ ማታ 3:14

😶

ቁጥር ይናገር | ማክሰኞ ማታ 3:22

የመልቀቅ ፍላጎት ከመልቀቅ ጋር ግንኙነት እንዳለው በብዙ አገር ተጠንቷል እኮ። ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው።

ሳላይሽ | ማክሰኞ ማታ 4:02

እኔ ፋብሪካ ሠርቼ የለቀቅኩ ነኝ። የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም፤ ለጥያቄሽም አያስፈልግም።

በእኔ ጊዜ አንድ ተማሪ መጠይቅ አምጥቶ ነበር። እንዴት እንደተሞላ ልንገርሽ። ወረቀቱን የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ለመስመር ተቆጣጣሪያችን ሰጠችው። እሱ ምሳ ሰዓት ላይ ካፍቴሪያው ጠረጴዛ ጫፍ ቆሞ እየቆጠረ አደለን። እስክሪብቶ ለስድስት ሰው አንድ ነበር። አጠገቤ የነበረችው ልጅ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ብዙም አታነብም፤ እኔ የሞላሁትን እያየች አንድ በአንድ ቀዳችው። «ኃላፊዬ በአክብሮት ያነጋግረኛል» የሚል ጥያቄ አለ፣ ኃላፊያችን እዚያው ቆሟል። ምን የምንል ይመስልሻል? በጣም እስማማለሁ። ወረቀቱን የሰበሰበው እሱ ነው፣ ሲሰበስብ ገለጥ ገለጥ እያደረገ ያያል።

ያ ተማሪ ተመርቋል፤ ሥራ እንኳን ደስ አለው። እኔ የሞላሁት ወረቀት ላይ ግን በጣም ደስተኛ ሠራተኛ ነኝ። በሚቀጥለው ደመወዝ ማግስት ወጣሁ።

ታብሌት ተሸካሚ | ማክሰኞ ማታ 4:09

እትዬ ሳላይሽ ጨረሽው 😂 ይኼን መልስ ማንም አማካሪ አይሰጥም።

ጋሼ መናፈሻ | ረቡዕ ጠዋት 1:30

ሰላም ልጆች። ከቢሮ ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የ1987ቱም የ1999ኙም ሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ ነበርኩ። አራተኛው በ2010 ይሆናል ተብሎ ተላለፈ፣ በ2011 እንደገና ተላለፈ፤ እስከዚያ በ1999ኙ ላይ እየገመቱ መሄድ ነው።

ቁጥር ይናገር የሚለው ቀመር ስህተት የለበትም። 1,500 ለ 4.75 (1 + 1,500 × 0.05²) ሲካፈል 316 ነው። ግን ቀመሩ የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሙሉ ዝርዝር ካለሽ፣ ከዝርዝሩም በዕጣ ካወጣሽ፣ በዕጣ ምክንያት የሚመጣው ስህተት ምን ያህል ይሆናል የሚለውን። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሰው ቀመሩ ውስጥም የለም። ሰው የማያምንበትን መልስ ከሰጠም ቀመሩ አያውቅም። ሕዝቡ በጣም ብዙ ሲሆን የሚወሰደው 384 የሚባለውም ቁጥር እንዲሁ ነው፤ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ እንዳየሁት! ተማሪው 384 ሲል እንደ ጸሎት ነው የሚለው።

በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ መጽሔት ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ለማወቅ ለ10 ሚሊዮን ሰው የመልስ ካርድ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ሩዝቬልት ይሸነፋል አለ፤ ሩዝቬልት በሰፊው አሸነፈ። አድራሻውን የወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? በዚያ ላይ ካርዱን መልሶ ለመላክ የተጋውም እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። በዚያው ጊዜ ጋለፕ የሚባል የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ከዚያ በብዙ እጅ ባነሰ ናሙና ትክክለኛውን አገኘ።

ስለዚህ ልጄ፣ ስንት ሰው ከማለትሽ በፊት ማን ቀረብኝ በይ። አንቺ ጋ የቀረው የጥናቱ ባለቤት ነው።

ስለ መልሱም ልጨምር። በቆጠራ ዕድሜ ስንጠይቅ መልሱ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ነው። ሠላሳ አንድ የሚል ሰው ብርቅ ነው። በግራፍ ሲወጣ አምስትና ዜሮ ላይ ቁልል ቁልል ይላል። ሰውየው ዋሽቶ አይደለም፤ ዕድሜውን በግምት እንጂ በልኩ አያውቀውም። እኛ ወሎ ውስጥ የሚረዳን የክስተት መቁጠሪያ ነበር፦ በ77 ድርቅ ጊዜ ጡት ትጠባ ነበር ወይስ ትሮጥ ነበር? ደርግ ሲወድቅ አግብተሽ ነበር? ይኼን የሚጠይቅ ሰው ከፊት ለፊት ከሌለ ወረቀቱ ብቻውን 40 ብሎ ይመለሳል።

ቁጥር ይናገር | ረቡዕ ጠዋት 2:15

ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ፣ የተበተነበት መንገድ መጥፎ መሆኑንም እቀበላለሁ። ግን ነገሩን ገልብጠን «በቃ ቡና እየጠጣን እናውራ» ማለትም ጥናት አይደለም። አሥራ ሁለት ሰው አነጋግሮ «አብዛኞቹ ተሳታፊዎች» የሚል ጽሑፍ ስንቴ ገምግሜያለሁ። አብዛኞቹ ማለት ስንት ነው? ለቃለ መጠይቅ የምትገኘው ልጅ ወሬ የምትወደዋ ናት፤ ዝምተኛዋ አትገኝም። ተመራማሪው ደግሞ ከአንድ ሰዓት ቅጂ ውስጥ የሚጥመውን ሁለት ዓረፍተ ነገር መርጦ ይለጥፋል። ያ አድልዎ አይደለም? መጠይቅ ቢያንስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሊያጣራው ይችላል።

አቦል ቶና | ረቡዕ ጠዋት 3:40

እኔ የምሠራው እሱን ነው፣ ማውራቱን። ስለዚህ ጉድለቱንም ከሌላው በላይ አውቀዋለሁ፤ ቁጥር ይናገር ያለውን አልክድም። የቡድን ውይይት ብዙ ጊዜ በርካሽ ብዙ ሰው ማነጋገሪያ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እንደዚያ ከሆነ አታድርጊው። ስምንት ልጅ ብትሰበስቢ ስምንት መልስ አታገኚም። የመጀመሪያዋ ደፋር ያለችው ነው የሚዞረው። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ በአንድ ተከራዮች ግቢ ውይይት ይዘን፣ አከራይዋ ቡናውን ራሳቸው ካላፈላሁ ብለው ረከቦት ዘርግተው መሀል ተቀመጡ። ደግ ሴትዮ ናቸው፤ አቦሉ እስኪያልቅ ስለ ቤት ኪራይ የተነፈሰ የለም። ቶናው ላይ ለሶላት ሲነሱ ነው ልጆቹ እርስ በርስ ተያይተው «ኪራዩ እኮ ነው» ያሉት።

ግን ተመልከቱ፦ ያ መልስ በማንም መጠይቅ ላይ አልነበረም። ፋብሪካው የሚጠይቀው ስለ ፋብሪካው ነው፤ ደመወዝ፣ ኃላፊ፣ ሙቀት፣ ምሳ። ልጆቹ የሚያሰሉት ደግሞ ኪራይ ሲቀነስ ለቤተሰብ የሚላክ ይተርፋል ወይ የሚለውን ነው። የቡድን ውይይት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ይነግርሻል። ስንቱ እንደሆነ ግን አይነግርሽም፤ ያንን ከሱ አትጠብቂ።

ምልከታም አለ። ማሽኑ መስመር ላይ ገብተሽ ማየት ከቻልሽ እዪ፤ ውሃ ለመጠጣት ስንቴ እንደሚነሱ፣ ለሽንት ቤት ካርድ ይሰጣል ወይ፣ የመስመሩ የሰዓት ግብ ሰሌዳው ላይ ስንት ነው። ይህን የትኛዋም ሠራተኛ አታነሳልሽም፤ ለምዳዋለች። ግን ነጭ ጋወን ለብሰሽ ማስታወሻ ይዘሽ የገባሽ ቀን መስመሩ ሌላ መስመር ነው። ይኼ ድሮም የታወቀ ነው፤ በ1920ዎቹና 30ዎቹ ቺካጎ አጠገብ ሆውቶርን በሚባል ፋብሪካ ከተደረጉት ጥናቶች ወዲህ ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አሠራሩን መለወጡ «የሆውቶርን ውጤት» ተብሎ ቀርቷል። ደጋግመሽ ሂጂ፤ ሲሰለቹሽ ነው የምታዪው።

የመድረኩ አስተባባሪ | ረቡዕ ቀትር 6:10

ጥሩ ክር ነው፤ ላይ እንዲቆይ ሰክቼዋለሁ። የፋብሪካ ስም እንዳትጠሩ ብቻ አደራ። አንድ አስተያየት በዚሁ ምክንያት አንስቻለሁ።

ኩርኩር | ረቡዕ ከሰዓት 9:25

እኔ ከጤና ነኝ። ሠንጠረዡ ላይ የረሳሽው አንድ ዘዴ አለ፦ ሰነድ። የሰው ሀብት መዝገብ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የመውጫ ፎርም። መዝገብ አይፈራም፣ ሊያስደስትሽም አይሞክርም፣ ያለፈውንም ይዟል። የለቀቁትን የምታገኚበት አንዱ መንገድ እሱ ነው፤ የደመወዝ ዝርዝሩን ወር በወር ስታነጻጽሪ ማን በየትኛው ወር እንደጠፋ ይታያል።

ችግሩ መዝገብ የተጻፈው ላንቺ አይደለም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የለቀቀ ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። ማን ይሰጣል? ደመወዝ ተቀብላ በማግስቱ ትቀራለች፤ መዝገቡ ላይ «ከሥራ የቀረች» ተብላ ትገባለች። ምክንያት በሚለው አምድ ላይ ለሁሉም «የግል ጉዳይ» ነው። ደግሞ ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል) ከታገድን በኋላ ትዕዛዝ ሲቀንስ የተቀነሱ ሠራተኞች አሉ፤ የተቀነሰችና የለቀቀች አንድ ላይ ከተቆጠሩብሽ ጥናትሽ ፈረሰ። በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈ ድርጅትም ከሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ወረቀት አትጠብቂ። እኛም በካርድ ክፍል የምናውቀው ሕመም ነው፤ ብዙ ጤና ተቋም ውስጥ የዚያ ዓመት ካርድ ፍለጋ ገብተሽ ባዶ እጅሽን ትወጫለሽ።

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣና፤ መቼ እንደምትጠይቂም አስቢ። አመጋገብ ስናጠና «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ?» ብለን ነው የምንጠይቀው። ሐሙስ ቀን ከጠየቅሽ ትናንት ረቡዕ ነው፣ ክርስቲያኗ ወተትም እንቁላልም አልቀመሰችም። ረመዳን ላይ ከጠየቅሽ ደግሞ የሙስሊሟ ማዕድ ከሌላው ወር ይለያል፤ ቴምሩም ሾርባውም ይመጣል። ደሴን በመሰለ ከተማ በአንድ ግቢ ሁለቱም አሉ፤ ቀኑን ካላመጣጠንሽ የምትለኪው ምግብን ሳይሆን አጽዋማትን ነው። ያንቺም ተመሳሳይ ነው፤ ደመወዝ በተከፈለ ሳምንትና ወሩ መጨረሻ ላይ ስለ ደመወዝ የሚሰጠው መልስ አንድ አይሆንም።

ኃላፊ ስለሚያደርሰው ትንኮሳ መጠየቅሽ ካልቀረ፣ ፊት ለፊት «ደርሶብሻል?» አይባልም። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ዘዴ አለ። ሳንቲም ትሰጫታለሽ፣ ተደብቃ ትወረውራለች። ዘውድ ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን «አዎ» ትላለች፤ ጎፈር ከወጣ እውነቱን ትናገራለች። አንቺ የወጣላትን አታዪም፣ ስለዚህ «አዎ» ብትል ማንም ሊይዝባት አይችልም። 200 ሰው ብትጠይቂ 100 ያህሉ በዘውድ ምክንያት ብቻ አዎ ይላሉ። 130 አዎ ካገኘሽ፣ ትርፉ 30 ከቀሪው 100 የመጣ ነው፤ 30 በመቶ ማለት ነው። የማን እንደሆነ ሳታውቂ ስንቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጉዳቱ፣ ናሙናሽ ትልቅ ካልሆነ ስህተቱ ይሰፋል።

ሳላይሽ | ረቡዕ ከሰዓት 10:50

ኩርኩር፣ ሒሳቡ ቆንጆ ነው፤ ግን ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ጋ ሳንቲም ይዘህ ብትሄድ ቁማር ልታጫውታት የመጣህ ነው የሚመስላት 😄 ደግሞ ጎፈር ወጥቶላትም አይ ብላ ትሄዳለች፤ አዎ የሚል ቃል ከአፏ እንዲወጣ አትፈልግም። እኔ ብሆን ሴት ጠያቂ፣ ከፋብሪካው ውጭ፣ እሁድ ቀን፣ ስለ ራሷ ሳይሆን «እዚያ የሚሠሩ ልጆች ምን ይገጥማቸዋል?» ብዬ እጀምራለሁ። ስለ ጓደኛዋ ስትነግርህ ስለራሷም ነው።

ኩርኩር | ረቡዕ ከሰዓት 11:02

ስለ ጓደኛ የሚለው ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ለቁጥር ግን አይሆንም። አንዲት ታሪክ አምስት ልጅ ብትነግርሽ አምስት ይሆናል። ሳንቲሙንም ቢሆን በሙከራው ጊዜ አስረድቶ ማየት ነው እንጂ ሳይሞክሩ አይሆንም ማለት ይከብዳል።

ታብሌት ተሸካሚ | ረቡዕ ማታ 2:30

አሁን እኔ ልምጣ። በየመንደሩ የምንዞረው እኛ ነን፣ ሠንጠረዡ ላይ ግን የለንም። የትኛውም ዘዴ ቢሆን ጥንካሬው የጠያቂው እግር ነው።

አንደኛ፣ ቤት ለቤት ስትሄጂ በተለይ ከጦርነቱ ወዲህ ሰው ጠያቂን እንደ እርዳታ መዝጋቢ ነው የሚያየው። ታብሌት ሲያይ «ምዝገባ ነው?» ይላል። ምዝገባ አይደለም፣ ጥናት ነው፣ ምንም አናድልም ብለሽ አስር ጊዜ ብትምዪም እቤት ያለው ፍየል ቁጥር ይቀንሳል፣ የቤተሰቡ ቁጥር ይጨምራል። አይፈረድም፤ ስንቱ መጥቶ ስም ጽፎ ሄዷል።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ቀን ከሄድሽ ወይ የሉም ወይ ከሌሊት ፈረቃ ገብተው ተኝተዋል። ቀን በሩን የሚከፍትልሽ የማትሠራዋ ናት። ስለዚህ «አልተገኘችም» ብለሽ ወደሚቀጥለው ቤት ካለፍሽ የሌሊት ፈረቃን በሙሉ ከጥናቱ አወጣሽው። ሌሊት የሚሠሩት ደግሞ ለመልቀቅ ቅርብ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። ተመልሶ መሄድ ግድ ነው፤ ለመረጃ ሰብሳቢ በፎርም ቁጥር ከከፈልሽው ግን አይመለስም። በቀን ክፈዪው።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ወይስ ታብሌት? ኮቦ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ነጻ ነው፣ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ መዝለል ያለበትን ጥያቄ ራሱ ይዘላል፣ የቀኑን ጥያቄ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቂ። ልጅቷ «2 ሰዓት እገባለሁ» ስትል አንዱ ጠያቂ 2:00 ያስገባል፣ ሌላው 8:00። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ዳታሽ ግን ድብልቅልቅ ነው። «ጠዋት/ማታ» የሚል ምርጫ ለይተሽ አስቀምጪ።

አራተኛ፣ ስለ ሌባው። ካፌ ቁጭ ብሎ ፎርም የሚሞላ ጠያቂ አለ፤ የለም የሚል ካለ ሜዳ ወጥቶ አያውቅም። በወረቀት ጊዜ የሚያዝበት መንገድ ትንሽ ነበር። ታብሌቱ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት፣ ቦታውንም ይመዘግባል፤ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ መጠይቅ በስድስት ደቂቃ ካለቀ፣ ወይም የቀኑ ሥራ በሙሉ ከአንድ ነጥብ ላይ ከመጣ፣ በዚያው ማታ ታውቂዋለሽ። ግን ማታ ማታ ካላየሽው ታብሌቱም ወረቀት ነው።

ስልክ ጠይቀሻል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። በኮቪድ ጊዜ የስታቲስቲክሱ መሥሪያ ቤትና ዓለም ባንክ በ2018/19 እ.ኤ.አ. ቤት ለቤት የጠየቋቸውን ቤተሰቦች በስልክ እየደወሉ ነበር መረጃ የሰበሰቡት፤ ስልክ የሌለው ቤት ግን አይጠየቅም፣ እሱም በአብዛኛው ገጠር ያለው ደሀ ነው። ያንቺ ልጆች ስልክ አላቸው፤ ችግሩ ቁጥር መቀያየራቸው ነው። ከለቀቀች በኋላ ያ ቁጥር ታናሽ እህቷ ጋ ነው። ደግሞ በስልክ ሃያ ደቂቃ ካለፈ «እሺ፣ እሺ፣ አዎ» ነው መልሱ።

ቦርከና ዳር | ረቡዕ ማታ 4:45

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። አማካሪዬ የጠየቀኝ አሁን ነው የገባኝ፤ ጥቅምና ጉዳት ደርድሪ አላለኝም፣ ያንቺን ጥያቄ የቱ ይመልሳል ነው ያለኝ። እንደ አዲስ ሳስበው፦

መጀመሪያ ሁለቱን ፋብሪካዎች የአንድ ዓመት የደመወዝ ዝርዝር እጠይቃለሁ፤ ስም ሳይሆን የመለያ ቁጥር፣ የገቡበትና የጠፉበት ወር፣ ፈረቃ። ይኼ ስንቱ፣ መቼ፣ ከስንት ወር በኋላ የሚለውን ይመልስልኛል። ቁጥር ይናገር የሚፈልገው ቁጥር እዚህ ነው ያለው፤ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ከመጠይቁ በፊት ደግሞ ከፋብሪካው ውጭ፣ አከራይ በሌለበት፣ ሁለት የቡድን ውይይት፤ አንዱ አሁን ከሚሠሩ፣ አንዱ ከለቀቁ። መጠይቁን ከዚያ ተነስቼ አሳጥረዋለሁ። መጠይቁን የሚያነቡላቸው ሴት ጠያቂዎች ይሆናሉ፤ በሰው ሀብት በኩል አላስበትንም።

የለቀቁትን ግን ከየት ላግኝ? አከራዮችን አስቤ ነበር።

ቁጥር ይናገር | ረቡዕ ማታ 5:00

አሁን ያልሽው ከመጀመሪያው ይሻላል። መዝገቡ ላይ በቆይታ ጊዜ ትንተና መሥራት ትችያለሽ፤ እስከ ጥናቱ ማብቂያ ያልለቀቁትንም አይጥልብሽም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፋብሪካው መዝገቡን ካልሰጠሽስ? ሁለተኛ መንገድ ፕሮፖዛሉ ላይ ይኑር። የለቀቁትን ደግሞ አንዷ ሌላዋን እየጠቆመች ከሆነ የምታገኚያቸው፣ በመቶኛ አታቅርቢው። እሱን ካደረግሽ ዲፌንስ ላይ እኔን ታገኚኛለሽ 😀

ጋሼ መናፈሻ | ሐሙስ ጠዋት 1:45

አከራዮቹን ጠይቂያቸው፣ ግን ልጅቷ የት እንዳለች ብቻ። ለምን ለቀቀች የሚለውን ለእነሱ ከጠየቅሽ የሚነግሩሽ የራሳቸውን ፍርድ ነው። «ዐመል አልነበራትም» ይሉሻል።

ሌላው፣ ለጊዜያቸው የሞባይል ካርድ ስጫቸው። ከፋብሪካ ለወጣች ልጅ አንድ ሰዓት ማለት ነገር ነው።

ታብሌት ተሸካሚ | ሐሙስ ጠዋት 2:20

ጋሼ በዚህ አልስማማም። ካርድ እንደሚሰጥ በአንድ ግቢ ከተሰማ እስከ ማታ ድረስ ፋብሪካ ሠርታ የማታውቀዋም «ለቅቄያለሁ» ትላለች። ቡናና ቆሎ ይበቃል።

አቦል ቶና | ሐሙስ ጠዋት 2:41

መጨረሻ ላይ ይሰጥ፣ ቀድሞ አይነገር። ግን ሳይሰጡ ሰውን አንድ ሰዓት ማስቀመጥ ለእኔ አይዋጥልኝም። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይጠይቅሻል፤ ብሩን ጻፊው።

ሳላይሽ | ሐሙስ ጠዋት 4:15

የለቀቁት የት እንዳሉ እኔ ልንገርሽ። ከእኔ መስመር የወጡት ሦስት ቦታ ነው የሄዱት። አንዳንዱ ሌላ ፋብሪካ ገብቷል፤ እነሱን እዚያው ኮምቦልቻ ታገኛቸዋለሽ። አንዳንዱ ቤተሰብ ጋ ተመልሷል፤ እነሱን በገበያ ቀን እንጂ በሥራ ቀን አትፈልጊያቸው፤ በባቲ በኩል ያሉትን ሰኞ ገበያ ላይ ታገኛቸዋለሽ። ብዙው ግን ዐረብ አገር ነው። እነሱን ካላካተትሽ ጥናትሽ ግማሽ ነው፤ ስልካቸውን እናታቸው ጋ ታገኛለሽ፣ የኢሞ ቁጥር ነው።

ቦርከና ዳር | ሐሙስ ጠዋት 4:30

እትዬ ሳላይሽ፣ ይኼን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። በኢሞ ቃለ መጠይቅ ይሆናል ማለት ነው? በስንት ሰዓት ልደውል?

ሳላይሽ | ሐሙስ ጠዋት 4:52

አብሽሪ፣ ይሆናል። ግን ዝም ብለሽ አትደውዪ፤ ማዳም አጠገቧ ከሆነች ስልኳን ትቀማታለች። መጀመሪያ በድምፅ መልእክት ማን እንደሆንሽ፣ ቁጥሯን ከማን እንዳገኘሽ ንገሪያት፣ ሰዓቱን እሷ ትምረጥ። ሳዑዲ ያሉት ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ብዙዎቹ ከማታ 5 በኋላ ነው ወደ ክፍላቸው የሚገቡት። ዱባይ ያሉት በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል። አንዳንዷ ሰው እየሰማባት ተናግራ መመለስ ስለማትችል ጥያቄሽን በድምፅ ልከሽ እሷም ስትመቻት በድምፅ ብትመልስልሽ ይሻላል። እሱ ደግሞ ለአንቺም ይቀላል፤ ሳትቀጂ ተቀድቶ ይመጣልሻል። ሁለት የማውቃቸው አሉ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ።